«የምበላው ትንሽ ነው፤ ታዲያ ኪሎዬ ለምን አይወርድም?»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«34 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ኪሎዬ 76። የዛሬ 6 ዓመት ስዳር 64 ነበርኩ። ሥራዬ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ተቀምጬ ገንዘብ መቀበል ነው፤ በባጃጅ ሄጄ በባጃጅ እመለሳለሁ። በእግር ቢሆን 25 ደቂቃ ነው። ቁርስ አልበላም። እንጀራ በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው፤ በመሃል ከቡናና ከአንድ ለስላሳ በቀር ምንም አልቀምስም። ባሌ አናጢ ነው፤ የእኔን ሦስት እጥፍ ይበላል፣ ግን ቀጭን ነው። በረመዳን 4 ኪሎ ቀነስኩ፤ ዒድ አልፎ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ጓደኞቼ ‹ሰውነትሽ ምግብ አይፈጭም› ይሉኛል። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጣሁ፤ ሆዴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ተጓዝኩ። ጂም የሄድኩ ቀን በማሽን ለክተው ‹38 በመቶ ስብ ነሽ› ሲሉኝ ተስፋ ቆረጥኩ። የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌም እወጋለሁ። ችግሬ ምንድን ነው? ስንት ኪሎ ነው መሆን ያለብኝ?»

ሰውነትዎ ምግብ መፍጨት አላቃተውም። ቢያቅተው ኖሮ ይከሱ ነበር እንጂ አይወፍሩም ነበር። የበላው ሳይፈጭ የሚያልፍበት ሰው ልብሱ ይሰፋዋል። የእርስዎ ሰውነት ያገኘውን ሳያባክን የሚያስቀምጥ ነው።

«የምበላው ትንሽ ነው» ሲሉ ዋሹ አልልም። የቆጠሩት ግን እንጀራውን ነው። በእኛ ልማድ ምግብ ማለት እንጀራ ነው፤ ሌላው ሁሉ «ለአፍ ያህል» ነው። ቡና ምግብ አይደለም፣ ቆሎ ምግብ አይደለም፣ ለስላሳ ምግብ አይደለም። ዘይት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ሰውነት ግን በመሶብ አይቆጥርም።

መጀመሪያ ወጪውን እንይ። አንድ ሰው በቀን ከሚያቃጥለው ጉልበት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ተኝተን እንኳ ለማይቆም ሥራ ነው የሚሄደው፤ ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለአንጎል፣ ለጉበት፣ ሙቀታችንን ለመጠበቅ። 10 በመቶ ገደማ የበላነውን ለመፍጨት ይውላል። የቀረው እንቅስቃሴ ነው። ከሰው ሰው በጣም የሚለያየውም እሱ ነው። በእርስዎ ዕድሜ፣ ቁመትና ኪሎ ስሌቱን ስሠራው ዝም ብለው ተኝተው ቢውሉ የሚያቃጥሉት ወደ 1,440 ካሎሪ ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው እንቅስቃሴ ሲጨመርበት 2,000 ገደማ ይደርሳል። ግምት ነው፤ 200 ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል ይችላል። ያው ስሌት በ28 ዓመትዎና በ64 ኪሎዎ ሲሠራ ግን 1,350 ይሰጣል። የዛሬው ሰውነትዎ ከሙሽራዋ ሰውነት ይልቅ በእረፍቱ 90 ካሎሪ ያህል አብልጦ ያቃጥላል ማለት ነው። ትልቅ ቤት ብዙ መብራት ይበላል። ስለዚህ «ሰውነቴ ዘገምተኛ ሆነ» የሚለውም አያስኬድም።

የባልዎን ቁመት አልነገሩኝም። 1 ሜትር ከ75፣ 65 ኪሎ ነው ብዬ ልያዘው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መጋዝ የሚጎትት፣ መላጊያ የሚገፋ፣ ሳንቃ የሚሸከም ሰው በቀን 2,700 ካሎሪ ቢያቃጥል አይገርምም። ከእርስዎ በ700 ይበልጣል። ይህ አንድ ሙሉ እንጀራ ከነወጡ ነው። የጅማ በርጩማ በወሬ አይፈለፈልም። ደግሞም «ሦስት እጥፍ ይበላል» ያሉት መሶቡ ላይ ያዩትን ነው። ከመሶቡ ውጪ ማን ምን እንደሚቀምስ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይቁጠሩት። ሊገርምዎ ይችላል።

አሁን ወደ ገቢው። ቤትዎ ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ስንት ቀን ይቆያል? ወደ እኔ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። ስለ እንጀራ ስጠይቅ ሁሉም ያሳንሳል። ስለ ጄሪካኑ ስጠይቅ ግን እቅጩን ይነግረኛል፤ ዋጋው ስለሚያም ቀኑን ያስታውሰዋል። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው። አንድ ግራም ስኳር፣ ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ሊትር ዘይት ወደ 8,200 ካሎሪ ይሆናል፤ 5 ሊትሩ 41,000። አራት ሰው ባለበት ቤት አንድ ወር ቢቆይ ለአንድ ሰው በቀን 340 ካሎሪ ይደርሰዋል። ከአራታችሁ ሁለቱ ሕፃናት ስለሆኑ የእርስዎና የባልዎ ድርሻ ከዚያም ይበልጣል። 300 ግራም ገደማ የምትመዝን የጤፍ እንጀራ 450 ካሎሪ አካባቢ ናት። እንግዲህ በየቀኑ ሳይታወቅዎ የእንጀራ ሦስት ሩብ የሚያህል በፈሳሽ መልክ ይገባል። እንጀራውን እየፈሩ ዘይቱን ዝም ማለት ሌባውን ትቶ እንግዳውን መጠርጠር ነው።

ቅባቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጥ አልተሠራም እያልን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ሰዎች ስለ ጤና ሲያወሩ ደግሞ የዘይቱን ዓይነት ነው የሚጠይቁኝ። የሱፍ ይሻላል? የወይራስ? ለልብ ጤና ልዩነት አላቸው። ለኪሎ ግን ሁሉም ያው 9 ናቸው።

ቀጥሎ ያ «ምንም አልቀምስም» ያሉበት መሃል አለ። ቡናው ራሱ ጉልበት የለውም ማለት ይቻላል። ቡና ቀንሺ የሚል ሐኪም ካለ ጅማን አያውቃትም። እኔ የምለው ስኳሩን ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ለእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ። ይህ ጠዋትና ማታ ሲሆን 12 ማንኪያ፣ 60 ግራም፣ 240 ካሎሪ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ 300 ሚሊ ሊትሩ፣ 125 ካሎሪ አካባቢ ይጨምራል። ቡና ቁርሱ ላይ ለውዝ ካለ አንድ ጭብጥ፣ 30 ግራም፣ 170 ነው። ለውዝ መልካም ምግብ ነው፤ ግን በጭብጥ እንጂ በሳህን አይደለም። ስኳሩን በማር ለውጬዋለሁ የሚሉኝም አሉ። ማራችን የታወቀ ነው፤ ሆኖም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ አልፎ ይሄዳል። ሰውነት የሚቆጥረው ያንን ነው። በየገጠሩ ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ እናቶች ከስኳሩ ድነዋል፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ያም አይመከርም።

እነዚህ ቁጥሮች ትንንሽ ይመስላሉ። 12 ኪሎው ሁሉ ስብ ነው ብንልና አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ይዟል ብለን ብናሰላ፣ በ6 ዓመት የተጠራቀመው ትርፍ በቀን ሲካፈል 42 ካሎሪ ብቻ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። በእርግጥ ሰውነት በከበደ ቁጥር ወጪውም ስለሚጨምር የሚበላው ትርፍ ከዚያ በላይ ነው። ቢሆንም ነጥቡ አይቀየርም። አንድም ቀን ከመጠን በላይ በልተው ላያውቁ ይችላሉ። ውፍረት እንዲህ ነው የሚመጣው፤ በሰርግ ሳይሆን በሲኒ።

የረመዳኑ 4 ኪሎ ስብ አልነበረም። ስብ ቢሆን ኖሮ በቀን ከ1,000 ካሎሪ በላይ ጎድሎብዎት መሆን ነበረበት። የማፍጠሪያውን ሳምቡሳ፣ ተምርና ጭማቂ እያየሁ ይህን ለማመን ይከብደኛል። ተመልሶ የመጣውም በሦስት ሳምንት ነው። እሱም ስብ ቢሆን በየቀኑ ከ1,400 በላይ ትርፍ ይጠይቃል፤ ያን ያህል አልበሉም። የሆነው ሌላ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለን፤ ከ400 እስከ 500 ግራም ይሆናል። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ አቅፎ ይይዛል። ሲቀንሱ ክምችቱ ከነውሃው ይሄዳል፤ ይህ ብቻውን ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ኪሎ ነው። አንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ይቀንሳል። ቀን ውሃ ስለማይጠጡም ሰውነት ይደርቃል። ዒድ ሲመጣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። በፕላስቲክ የተጠቀለለውም ሆድ ያው ነው፤ የወጣው ላብ ነው፣ አንድ ጆግ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። ስብ በላብ አይወጣም። የሚወጣው በአብዛኛው በትንፋሽ ነው፤ 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይተነፈሳል፣ 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። ሎሚውም ምንም አያቀልጥም። ከወደዱት ይጠጡት፤ ጨጓራ ካለብዎት ይተዉት።

ሚዛኑንም ብዙ አይመኑት። መርካቶ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች ያውቋቸዋል። አንድ ቀን እኔም አንዱ ላይ ወጣሁ። ሚዛኑ ጎርበጥ ያለ ድንጋይ ላይ ነበር፤ 73 አለ። ልጁ ፊቴን አየና ሚዛኑን ወደ ሲሚንቶው ሳበልኝ። «አሁን ይውጡ» አለ። 71። የከፈልኩት ግን የሁለቱንም ነው። ሚዛኑ ደህና ቢሆን እንኳ አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ በአንድና በሁለት ኪሎ ይለያያል። ጨዋማ ምግብ፣ የወር አበባ፣ ሽንት ቤት መሄድና አለመሄድ ሁሉ ይገባበታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ያው ሚዛን ላይ። ከዚያ በላይ መመዘን ራስን ማሠቃየት ነው።

ተስፋ ያስቆረጠዎትን 38 በመቶም እንየው። ያ ማሽን ስብዎን አላየውም። በእግር መዳፍዎ ደካማ ኤሌክትሪክ አሳልፎ መንገዱ ምን ያህል እንደከበደው ነው የለካው። ጡንቻ ውሃ ስላለው ያሳልፋል፤ ስብ ያስቸግረዋል። ከዚያ በቀመር ይገምታል። ውሃ ሳይጠጡ ቢወጡበት ስብዎን ያበዛዋል። ጠጥተው ሲወጡ ቁጥሩ ሌላ ነው። ልብ ላይ የሚተከል መሣሪያ ያለው ሰውና ነፍሰ ጡር ደግሞ ባይወጡበት ይሻላል።

ሆኖም 38ን ትክክል ነው ብለን እንያዘውና አንድ ነገር ላሳይዎት። ከ76 ኪሎ 29ኙ ስብ፣ 47ቱ ሌላው ነው፤ ጡንቻ፣ አጥንት፣ ውሃ፣ ሆድ ዕቃ። አሁን 7 ኪሎ ይቀንሱ። ሁሉም ከስብ ከሄደ 69 ኪሎ ሆነው 32 በመቶ ስብ ይሆናሉ። ግማሹ ከስብ፣ ግማሹ ከጡንቻ ከሄደ ያው 69 ኪሎ ነው፤ ስቡ ግን 37 በመቶ ነው። ሚዛኑ ሁለቱንም ያጨበጭብላቸዋል። የመጀመሪያዋ ሴት ደረጃ ስትወጣ አታለከልክም። ሁለተኛዋ ሆዷ እንዳለ ነው፣ ፊቷ ብቻ ከስቷል፣ ጉልበቷ ከድቷታል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲቀንስ ከሚሄደው ኪሎ አንድ አራተኛ ገደማው ስብ ያልሆነው ነው። በረሃብ ብቻ በፍጥነት ሲቀንሱ ድርሻው ይጨምራል። የእኔ ጭንቀት ይህ ነው። በየዓመቱ ጡንቻና ስብ ቀንሰው ስብ ብቻ እየመለሱ ከሆነ ኪሎዎ ባይለወጥ እንኳ ሰውነትዎ ይለወጣል።

«ጡንቻ ከጨመርኩ ተኝቼም እቀጥናለሁ» የሚለው የጂም ወሬ ግን ተጋኗል። አንድ ኪሎ ጡንቻ በእረፍት በቀን 13 ካሎሪ ያህል ነው የሚያቃጥለው፤ ስብ 4.5። ጡንቻ የሚፈለገው ስኳርን ከደም ለመቀበል፣ ለጉልበት፣ ለአጥንትና ለእርጅና ነው።

ስንት ኪሎ መሆን አለብኝ ላሉት። ኪሎን ለቁመት ካሬ የማካፈሉ ቀመር የአዶልፍ ኬትሌ ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጅየማዊ የስታቲስቲክስ ሰው ነበር፣ ሐኪም አልነበረም። በእርስዎ ሲሠራ 29 ይሰጣል። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 ጀምሮ ከመጠን በላይ፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ይባላል። ቀመሩ የሕዝብን ሁኔታ ለማየት ጥሩ ነው። ጡንቻና ስብን ግን አይለይም፤ ስቡ ዳሌ ላይ ይሁን ሆድ ውስጥ አያውቅም። እዚሁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ 30 የሚለው መስመር ስባቸው የበዛ ብዙ ሰዎችን ሳይዝ እንደሚያሳልፍ አሳይቷል። ሰውነትን መለካት ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ የተወለዱ ሕፃናትን የስብ መጠን ተከታትሏል። ሕፃኑ ትንሽ የታሸገች ሳጥን ውስጥ ይተኛል፤ መሣሪያው በያዘው የአየር ቦታ የሰውነቱን ይዘት ያወጣል፤ ክብደቱ ሲታከልበት ስንቱ ስብ እንደሆነ ይታወቃል። ለእርስዎ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽዎን አውጥተው፣ ሆድ ሳይሰበስቡ ይለኩ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ማሰብ፣ ከ88 ሲያልፍ መጨነቅ ይጀመራል። ለወንድ 94 እና 102 ነው። በአጭሩ ወገብ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የእርስዎ ግማሽ 81 ነው።

ግብዎ ስለዚህ 64 አይሁን። የሙሽራዋን ኪሎ ይተዉት። በ6 ወር ከ4 እስከ 7 ኪሎ፣ ማለትም ከ72 እስከ 69 ይድረሱ። ይህ ከክብደትዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የጉበት ስብ መሻሻል የሚጀምሩት እዚሁ ላይ ነው። ወገብዎ ወደ 81 እየቀረበ ከሄደ ሚዛኑ ቢዘገይም አይጨነቁ።

የሦስት ወር መርፌውን ንጹሕ ነው አልልም። አንዳንድ ሴቶች ላይ ኪሎ ይጨምራል፤ በብዛትም የምግብ ፍላጎት በመክፈት ነው ተብሎ ይታሰባል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከክብደቷ ከ5 በመቶ በላይ የጨመረች ሴት እየጨመረች የመሄድ ዕድሏ ሰፊ ነው። የእርስዎ እንደዚያ ከነበረ የቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያዋን ሉፕ ወይም ሌላ አማራጭ ይጠይቁ። ሌላ ሳይያዝ ግን መርፌውን እንዳያቆሙ። ያልታሰበ እርግዝና ከ3 ኪሎ ይከብዳል።

ምክሬ ይህ ነው፤ አዲስ ዳየት አይጀምሩ፣ እንጀራም አይተዉ። ዘይቱን ከጄሪካን ወደ ድስት ቀጥታ መቅዳት ዛሬ ያቁሙ። በሾርባ ማንኪያ ይስፈሩ። ሽንኩርቱን በትንሽ ትንሽ ውሃ ያቁላሉ፤ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ለቤተሰቡ ድስት 3 ማንኪያ። ጄሪካኑ ሁለት ወር ከቆየ ሠርተውታል። የቡናውን ስኳር ከ12 ማንኪያ ወደ 4 ያውርዱ፤ ምላስ በሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይለምደዋል። ለስላሳውን በውሃ ይለውጡ። አቮካዶ ጁስ ሲያዙ «ያለ ስኳር» ይበሉ፤ እሱም ምግብ መሆኑን አይርሱ። እነዚህ ሦስቱ ብቻ፣ ዘይት፣ ስኳርና ለስላሳ፣ በቀን 450 ካሎሪ አካባቢ ያጎድላሉ። በሳምንት 400 ግራም ስብ ገደማ ነው፤ መጀመሪያ ላይ። ከወራት በኋላ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሰውነትዎ ራሱ ይቀንሳል።

ፕሮቲን ይጨምሩ፤ በቀን ከ70 እስከ 80 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ነው። 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ገደማ። ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስሩ ይብዛ፣ አይብ ካለ ጥሩ፣ ሥጋ ሲገኝ ጮማው ተነስቶ። ሳህኑን በጎመን ይሙሉት፤ ጎመን በጅማ ብርቅ አይደለም። ኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ቁርስ ግዴታ አይደለም። ቁርስ የሚዘል ሁሉ ይወፍራል የሚለው ትክክል አይደለም። ግን እርስዎ በመሃል ለስላሳ የሚያስፈልግዎት ጠዋት ባዶ ሆድዎን ስለወጡ ይመስለኛል። ሁለት እንቁላል በዳቦ ለሁለት ሳምንት ይሞክሩና ይዩት። ረመዳን ሲመጣም ሱሁርን አይዝለሉ፤ ፕሮቲኑን እዚያ ያስገቡት።

እንቅስቃሴ ብቻውን አያቀጥንም። 25 ደቂቃው መንገድ ከመቀመጥ ይልቅ 80 ካሎሪ ገደማ ነው የሚጨምረው፤ የለስላሳው ጠርሙስ ይበልጠዋል። ይሁንና የቀነሱትን ለመያዝ ያለ እሱ አይሆንም። አንዱን ጉዞ በእግር ያድርጉ፤ በሳምንት 6 ቀን 150 ደቂቃ ነው፤ የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን ይኸው ነው። ዝናብ ነው ይሉኛል። ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ በሚዘንብበት ቀን ባጃጁን ይያዙ፣ በማይዘንብበት ሰበብ የለም። ለጡንቻው ጂም አያስፈልግዎትም። ባልዎ ከሠሩት በርጩማዎች አንዱን ግድግዳ አስጠግተው፣ ትምህርት ቤት በቅጣት የምናውቀውን ቁጭ ብድግ ይሥሩ። 10 ጊዜ፣ እረፍት፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ጉልበት የሚያምዎት ከሆነ ከፍ ባለ ወንበር ይጀምሩ። ባዶውን የዘይት ጄሪካን ውሃ ይሙሉት። 5 ኪሎ ሆነ። ያንን ያንሱ፣ ያውርዱ። እስካሁን ያወፈረዎት ጄሪካን አሁን ይክፈል።

ከ6 ወር በኋላ የሚመጣውን አስቀድሜ ልንገርዎ። ይርብዎታል። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤናማ ወንዶች ለወራት በጎደለ ምግብ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ምግብ ሲለቀቅላቸው ስቡ ከጡንቻው ቀድሞ ተመለሰ፤ ረሃቡም ኪሎው ከሞላ በኋላ እንኳ ቶሎ አልለቀቃቸውም። ሰውነት የቀነሰውን ለማስመለስ ይታገላል፤ ወጪውን ይቆጥባል፣ ፍላጎቱን ይጨምራል። «ጽናት የለኝም» ብለው ራስዎን አይውቀሱ። መልሱ ቀስ ብሎ መቀነስ፣ በየደረጃው ለጥቂት ሳምንት ቆም ማለት፣ ማንኪያውንና እርምጃውን ግን አለመተው ነው። ከደረሱበት 2 ኪሎ ከጨመሩ ወይም ወገብዎ 3 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ ያኔውኑ ጄሪካኑን ይዩ።

የማቅጠኛ ሻይና ክኒን የሚያመጡልዎት አይጠፉም። ብዙዎቹ ተቅማጥ የሚያመጡ ናቸው፤ ውሃና ፖታሲየም ያስወጣሉ፣ ስብ አይነኩም። ፖታሲየም ሲወርድ ልብ ይታወካል። ጫት ምግብ ይዘጋል፣ ያቀጥናል የሚሉኝም አሉ። ቀን ይዘጋል፣ ማታ ከነወለዱ ያስበላል፤ ከለስላሳውና ከለውዙ ጋር ሲደመር ትርፉ ኪሳራ ነው፣ የልብ ምትና የደም ግፊትም ይጨምራል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ አንባቢ ካለ ደግሞ ምግቡን በራሱ ውሳኔ አይቀንስ፤ ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ይህን ምክር ለራሷ እንዳትወስድ።

አሁን ሂደው ደም ግፊትዎንና የጾም የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ በዚህ ኪሎና በዚህ ዕድሜ ዝም ማለት አይገባም። ብርድ ብርድ የሚልዎት፣ ሆድ ድርቀት ያለብዎት፣ አንገትዎ ላይ እብጠት ያዩ፣ የሚያንቀላፉ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራም ይጨመር። ታይሮይድ ሲያንስ የሚጨምረው ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፣ አብዛኛውም ውሃና ጨው፤ 12ቱን ሁሉ አይሸከምልዎትም። እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ድንገት ከከበበ ቀጠሮ አይጠብቁ። ይህ ሁሉ ከሌለና ዘይቱን በማንኪያ እየሰፈሩ 8 ሳምንት አልፎ ወገብዎ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልቀነሰ፣ የ3 ቀን የሚበሉትንና የሚጠጡትን፣ ሲኒውንም ጭብጡንም ሳይተዉ፣ ጽፈው ይላኩልኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።